በፎጣ ሥር የቀዘቀዙ አርባ ሞለኪውሎች

በሥራ ቦታዋ እናት አባቷ ባወጡላት ስም የሚጠራት ሰው አልነበረም። ከዘበኛው ጀምሮ እስከ ክፍሉ ኃላፊ ድረስ ሁሉም «እትዬ ልኬት» ነው የሚላት። ስሙ የወጣላት በከንቱ አይደለም። ጥፋቷ ይሁን ጽድቋ እንጃ፣ አንድን ነገር ሳትለካ «በቃ፣ ይሆናል» ማለት ከቶ አይሆንላትም። ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር «እኔን ትኩሳት ቢይዘኝ እንኳ በሁለት ቴርሞሜትር ሳታረጋግጥ አታዝንልኝም» እያለ ያስቅባታል። እሷም «ባለፈው አንደኛው ተሳስቶ አልነበር እንዴ?» ትለዋለች። አብራ ትስቃለች፣ ሁለተኛውን ቴርሞሜትር ግን አትጥልም።

ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራችው በአንድ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ስለሆነ የመንገደኛው ጫማ እንጂ ፊቱ አይታይም። ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ ሲነሣ የሚያቃስት አሮጌ ማቀዝቀዣ፣ ውሃ የሚሞቅበት የብረት ገንዳ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ደግሞ መለኪያው መሣሪያ አለ። ሥራዋም አንድ ብቻ ነበር። ትንንሽ ሞለኪውሎችን እያሞቀች ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚፈቱ ትጽፋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕይወት ባለው ነገር ሴል ውስጥ አር ኤን ኤ የሚባል ክር መሳይ ነገር አለ፤ በአራት ዓይነት ፊደል የተጻፈ ክር በሉት። ከእነዚህ ክሮች አጫጭሮቹ፣ መቶ ፊደል እንኳ የማይሞሉት፣ መሐላቸው ላይ ይታጠፉና አንዱ ጎናቸው ከሌላው ጎናቸው ጋር ይጣበቃል፤ ልክ እንደ ፀጉር ማስያዣ ሽቦ። ሴሉ ከዚህ እጥፋት ላይ ቁራጭ ይወስድና ሌሎች ጂኖችን ዝም ለማሰኘት ይጠቀምበታል። እጥፋቱ ከፈረሰ ቁራጩም አይገኝም። ስለዚህ እጥፋቱ ምን ያህል ጽኑ እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ሰው ክሩን ጥቂት ውሃ ውስጥ ከትቶ ቀስ እያለ ያሞቀዋል። ቶሎ የሚፈታው ልል ነው፤ ብዙ ሙቀት ችሎ ቆይቶ የሚፈታው ደግሞ ጽኑ ነው።

ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን ይዘውት የኖሩት ፕሮፌሰሩ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲቆጡ ድምፃቸው ከፍ ከማለት ይልቅ ዝቅ የሚል ሰው ናቸው። ሐሳባቸው በአጭሩ የሚነገር ነበር። ከእነዚህ እጥፋቶች አንዳንዶቹ በትልም፣ በዓሣም፣ በወፍም፣ በሰውም ውስጥ ይገኛሉ። እነዚህ ከጥንት ሲወርዱ ሲዋረዱ የመጡ ናቸው። ሌሎቹ በአንድ ዝርያ ብቻ የሚታዩ፣ በዝግመተ ለውጥ አቆጣጠር ትናንት የተወለዱ ናቸው። ፕሮፌሰሩ «ጥንታዊዎቹ ከአዲሶቹ ይልቅ ጽኑ ናቸው» ይሉ ነበር። ዘመን በረዘመ ቁጥር ፊደላቱ እዚህም እዚያም መለወጣቸው አይቀርም። ጽኑ እጥፋት አንድ ፊደል ቢለወጥበት ቅርጹን አይለቅም፤ ልሉን ግን አንዲት ፊደል ትበትነዋለች፣ ከተበተነ ደግሞ ለዘር አይተላለፍም። እንግዲህ ያንን ሁሉ ዘመን ተሻግሮ የሚገኘው ጽኑው ነው ማለታቸው ነው።

አርባ ጥንታዊዎችና አርባ አዲሶች ተለኩ። ሰማንያውንም የለካች እሷ ናት። ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ታየ፤ ጥንታዊዎቹ በአማካይ በአሥራ ሁለት ዲግሪ በለጡ። ፕሮፌሰሩ በዚህ ተማሪ አስመርቀውበታል፣ በየአገሩ ንግግር አድርገውበታል፣ በመጨረሻም ሁሉንም በአንድ መጽሐፍ ሊደመድሙ ተነሡ። መጽሐፉ ሊያልቅ ሁለት ምዕራፍ ሲቀረው ልባቸው ደከመ። ሐኪሙ «ግፋ ቢል ስድስት ወር» ብሎ ለባለቤታቸው ነገራቸው፣ ባለቤታቸውም ደረጃው ላይ ቆመው እጇን ጭብጥ አድርገው ይዘው ለልኬት ነገሯት። ከዚያ ወዲህ ፕሮፌሰሩ ከቤት አይወጡም። እሷ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወረቀቶቿን ይዛ ትሄድላቸዋለች።

በዚህ መሐል የላቦራቶሪው የበረዶ ማሽን ተበላሸ። ለሌላ ሰው ይህ ተራ ነገር ነው። ለእሷ ግን ሥራ ማቆም ነው፤ ሞለኪውሉ ከመለካቱ በፊት በደንብ ሞቆ የነበረበት መተሳሰር ሁሉ ከተፈታ በኋላ ቀዝቅዞ እንደገና መታጠፍ አለበት። ትንንሾቹን ብልቃጦች ከፈላ ውሃ አውጥታ በተፈጨ በረዶ ውስጥ ነው የምትቀብራቸው። ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት፣ በሥራዋ የመጀመሪያ ዘጠኝ ዓመታት፣ በረዶ የሚባል ነገር አልነበረም። ያኔ ገንዳውን አጥፍተው፣ አቧራ እንዳይገባ ወፍራም ፎጣ አልብሰውት ምሳ ይበላሉ፤ ሲመለሱ ውሃው ቀዝቅዞ ይጠብቃቸዋል። ይህንን በመዝገብ የጻፈ ሰው የለም። መዝገቡ «ሞቀ፣ ቀዘቀዘ፣ ተለካ» ብቻ ይላል። ማን ይጽፈዋል? ሁሉም ያውቀዋል!

እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አትወድምና «ለምን እንደ ድሮው አልሠራም» አለች። ለመጽሐፉ ሥዕሉ በድጋሚ መሣል የነበረበት ከአርባዎቹ አዲሶች አንዱ ሞለኪውል ነበር። አሞቀችው፣ ገንዳውን ፎጣ አለበሰችው፣ ምሳዋን በላች፣ ለካችው። ቁጥሩ ቀድሞ በበረዶ ለክታ ከጻፈችው በአሥራ አንድ ዲግሪ በለጠ።

መሣሪያው ነው ብላ መሣሪያውን ፈተሸች። ቴርሞሜትሩ ነው ብላ ቴርሞሜትሩን ቀየረች። ሦስት ጊዜ ደገመችው፤ ያው አሥራ አንድ። ሌሎች ሁለት ሞለኪውሎች ወሰደች። አንዱ ንቅንቅ አላለም፣ ሌላው በዘጠኝ ጨመረ። ያኔ ገባት። ክሩ በበረዶ ድንገት ሲቀዘቅዝ ሌላ ለመፈለግ ጊዜ ስለማያገኝ በራሱ ላይ ይታጠፋል። በፎጣ ሥር ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ግን አንዳንዱ ክር መሰሉን ያገኝና ሁለቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጣበቃሉ፤ ሁለት የተጣበቁትን ማላቀቅ ደግሞ ብዙ ሙቀት ይፈልጋል። በፎጣው ዘመን የአንድ ክር ጽናት ብላ የጻፈችው አንዳንዱ ቁጥር የሁለት ክሮች መያያዝ ነበር ማለት ነው።

ከዚያም የባሰው መጣባት። በፎጣው ዘመን የተለኩት የትኞቹ ናቸው? አርባዎቹ ጥንታዊዎች! በየእንስሳው ስለሚገኙ ቀድመው የታወቁት እነሱ ነበሩ፣ ቀድመው የተለኩትም እነሱ። አዲሶቹ አንድ ሳይቀር በበረዶ ተለኩ። ዘመን ያመጣው ነው ያሉትን ልዩነት ፎጣ አምጥቶት ሊሆን ይችላል። ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። አፈረች፤ በጣም አፈረች። ሠላሳ ዓመት ሌላውን «ለካህ ወይ?» እያለች ስታስመርር የኖረች ሴት ይህ በእጇ ላይ አለፈ።

ለባሏ በእራት ላይ ነገረችው። ሰውየው ጉርሻውን አቁሞ ሰማት።

«ሰው ያውቀዋል?» አላት።

«ማንም አያውቅም።»

«እንግዲያው ሆድ ይፍጀው። ሰውዬው እየሄዱ ነው። የስድስት ወር ዕድሜ ለቀረው ሰው ‘የኖርክበት ነገር ስህተት ነበር’ ይባላል እንዴ? ደስ ብሏቸው ይሂዱ፣ ከዚያ በኋላ ታርሚዋለሽ።»

«እሳቸው ከሞቱ በኋላ ባርመው ከጀርባቸው እንደማማት አይሆንም? መልስ መስጠት አይችሉማ።»

«ልባቸው ቀጥ ቢልብሽስ?»

«አንተ አውቶቡስ ስትነዳ ፍሬኑ እንደማይዝ ብታውቅ ዝም ትላለህ?»

«አሁን እኮ የተሳፈረ ሰው የለም» አለና ሳህኑን ወደ ፊት ገፋው። «እሳቸው ብቻ ናቸው ያሉት። እሳቸው ደግሞ መውረጃቸው ደርሷል።»

እውነቱን እንደሆነ ታውቃለች። እስከ ሐሙስ ድረስ እንቅልፍም አልወሰዳት።

ሐሙስ ከሰዓት ፕሮፌሰሩ መስኮቱ አጠገብ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቋት። ቃሉን እንዴት አድርጋ እንደምታሳምር ስታሰላስል መጥታ፣ ሲደርስ ግን እንዲያው በደረቁ ነው የነገረቻቸው። የበረዶው ማሽን እንዴት እንደተበላሸ፣ ፎጣውን፣ አሥራ አንዱን ዲግሪ፣ አርባዎቹን። ፕሮፌሰሩ ብርድ ልብሳቸውን ወደ ላይ ሳቡ። ከዚያም ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ስንት ጊዜ ለካሽው?»

«ሦስት ጊዜ። ከዚያ በሌላ ሁለት ላይ ሞከርኩት።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለባለቤቴ ብቻ።»

«ሹፌሩ ምን አለ?»

«ተይው አለኝ።»

«ደግ ሰው ነው» አሉ። «አርባውን በሙሉ በበረዶ ለመድገም ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?»

«በሳምንት ሁለት ቢሆን ሃያ ሳምንት። እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ነዋ የምለካው፣ ፕሮፌሰር።»

«ሃያ ሳምንት ምናልባት አይኖረኝም።»

«አውቃለሁ።»

«መጽሐፉ ይቁም። ጀምሪ» አሏት። ልትነሣ ስትል «ከየትኛው ነው የምትጀምሪው?» ብለው ጠየቋት።

«ከላይ ነዋ። ከፍተኛ ቁጥር ካላቸው። ይበልጥ የሚያጠራጥሩት እነሱ ናቸው።»

«እንደ ወደድሽ» አሉ።

ቅደም ተከተሉን ያወጣችው በቅንነት ነው። ክፉውን ወሬ አስቀድሞ ሰምቶ መገላገል ይሻላል ብላ ነው። የበረዶው ማሽን ተጠገነና ሥራ ጀመረች። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ብቻ ደረሰላት፤ እሱም በአሥራ ሦስት ዲግሪ ወረደ። ሁለተኛው በአሥር። ሦስተኛውም ወረደ፣ አራተኛውም። ሐሙስ ሲመጣ ሁለቱን ቁጥሮች ይዛ ትሄዳለች፤ ፕሮፌሰሩ ጉልበታቸው ላይ ባስቀመጡት ዝርዝር ላይ በእርሳስ ይሰርዙና በጎኑ አዲሱን ይጽፋሉ። ሰባተኛው ለተማሪ ሁሉ በሰሌዳ ላይ የሚሥሉት፣ «የእኔ አለት» የሚሉት ሞለኪውል ነበር። እሱ በአሥራ አምስት ወረደ። ያን ዕለት እርሳሱን አላነሡም፤ «አንቺው ጻፊው» አሏት።

አሥራ ሦስት ሐሙስ እንዲህ አለፈ። በመሐል ሦስት ሞለኪውሎች በቀድሞ ቁጥራቸው ተገኙ፤ ግን ከሃያ ምናምን ውስጥ ሦስት ምን ይረባል? ሁለቱም ሒሳብ ያውቃሉ፣ በዚህ አያያዝ ከአሥራ ሁለቱ ዲግሪ ጠብ የሚል ነገር እንደማይተርፍ ሁለቱም ያዩታል። ማንም ግን አላነሣውም። የፕሮፌሰሩ የእጅ ጣቶች ቀጠኑ፣ ሰዓታቸው ክንዳቸው ላይ መዞር ጀመረ። ባለቤታቸው ሻይ አቅርበው ይወጣሉ፣ ልኬት ስትሄድ በር ድረስ ይሸኟታል፤ ከንፈራቸው ግን ከወር ወር እየተጣበቀ መጣ። ልኬት ድካም ነው ብላ ተወችው።

በአሥራ አራተኛው ሐሙስ የሄደችው ሃያ ስድስተኛውንና ሃያ ሰባተኛውን ይዛ ነው። ፕሮፌሰሩ አልጋ ላይ ነበሩ፤ ዝርዝሩም ብርድ ልብሱ ላይ ነበር።

«ሃያ ስድስት?»

«ወደቀ። በዘጠኝ።»

«ሃያ ሰባት?»

ባሏ ያላት ትዝ አላት፣ የሰውዬው ዓይን ደግሞ ዓይኗ ላይ ነበር። «ወደቀ» አለች፤ «በስምንት ተኩል።»

ፕሮፌሰሩ ራሳቸውን ትራሱ ላይ አሳረፉ። «ልኬት» አሏት፣ «ዛሬ እንኳ ብትዋሺኝ ምን ነበረበት?»

«አልችልበትም፣ ፕሮፌሰር።»

«አውቃለሁ» አሉ፣ ዓይናቸውንም ጨፈኑ።

ቅዳሜ ጠዋት ሞቱ።

ከቀብር መልስ የክፍሉ ኃላፊ አስጠርቷት «እንግዲህ ይብቃሽ» አላት። «መጽሐፉ አይወጣም። ያሰቡት ነገር እንዳልሆነ ታውቋል። ለማን ብለሽ ነው የምትለፊው?» እሷም አሥራ ሦስት ይቀራል አለችው። እሱ ትከሻውን ሰበቀና ተዋት፤ በሠላሳ አንድ ዓመት ከጀመረችው ነገር ያስቆማት ሰው እንደሌለ ያውቃል።

ሃያ ስምንተኛውን በበረዶ አቀዘቀዘችና ለካች። አልወረደም። በፎጣው ዘመን የጻፈችው ቁጥር ነው፣ ከሩብ ዲግሪ በቀር አልተለወጠም። ተሳስቼ ነው ብላ ደገመችው። ሃያ ዘጠነኛውም አልወረደም። ሠላሳኛውም። እነዚህ ክሮች ፎጣም ቢለብሱ በረዶም ቢቀበሩ መሰላቸውን አይፈልጉም፤ በራሳቸው ላይ ታጥፈው ጸንተው ይቀመጣሉ። በሠላሳ ሁለተኛው ላይ ብዕሯን አስቀመጠች። የሆነው ነገር ወለል ብሎ ታያት። የዝርዝሩ አናት ላይ የወጡት እኮ መጀመሪያውኑ ፎጣው ያወጣቸው ናቸው! ሐሰቱ ሁሉ ላይኛው ላይ ነው የተከማቸው፤ እውነተኞቹ ጽኑዎች ታች ነበሩ። ከታች ብትጀምር ኖሮ ለፕሮፌሰሩ ለሳምንታት «አልወደቀም» እያለች ትነግራቸው ነበር። በዕጣ ብትጀምር እንኳ ግማሽ በግማሽ ይሰሙ ነበር። ማንኛውም ጀማሪ እንዲህ ያለ ሥራ በዕጣ እንደሚጀመር ያውቃል፤ ለጀማሪዎቹ ያስተማረችው ራሷ ናት። ከላይ የጀመረችው እውነተኛ ለመሆን ነበር። በዚያች ቀን ምድር ቤት ውስጥ ብቻዋን አለቀሰች፤ አልቅሳም ሠላሳ ሦስተኛውን አሞቀች።

አርባኛው ያለቀው ረቡዕ ነው። አሥራ ሦስቱ አንድ ሳይቀር በቦታቸው ተገኙ። ሒሳቡን ሁለት ጊዜ ሠራችው። ልዩነቱ አሥራ ሁለት አይደለም፤ ግን ዜሮም አይደለም። ጥንታዊዎቹ በአምስት ዲግሪ ከአራት አሥረኛ ይበልጣሉ። ፕሮፌሰሩ ካሉት ያነሰ ነው፤ ይሁንና ያሉት ነገር አለ።

በማግስቱ ሐሙስ ነበርና እግሯ እንደ ልማዱ ወሰዳት። በሩን የከፈቱት ባለቤታቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት ያሳለፉ፣ አጠር ያሉ፣ ሲያዩ ሰውን ከትከሻ እስከ እግር የሚለኩ ሴት። ግቢ ብለው አስቀመጧት፤ ሻይ ግን አላቀረቡም።

«ሁለት ወር ቀረሽ» አሉ።

«ሥራውን ስጨርስ ልምጣ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«እውነቱን ልንገርሽ። በአንቺ ደስ ብሎኝ አልነበረም። ሐሙስ ሐሙስ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ፊቱን የማየው እኔ ነበርኩ። ራት አይቀምስም። ይህች ሴት አንድ ቀን እንኳ በር ላይ እግሯ ተሰብሮ በቀረች እል ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

«ልክ ነዎት» አለች ልኬት። ከዚያም ሁሉንም ነገረቻቸው። ከሃያ ስምንተኛው ጀምሮ እንዳልወደቀ፣ ሐሳባቸው ቢያንስም እንደተረፈ፣ ቅደም ተከተሉን ያወጣችው እሷ እንደሆነች፣ ከታች ብትጀምር ኖሮ ይሰሙት እንደነበር። «አልሰሙም» አለች፤ «መጥፎ መጥፎውን ነግሬያቸው ሞቱ። የእኔ ጥፋት ነው።»

ሴትዮዋ አላጽናኗትም፣ አልወቀሷትምም። መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ወለወሉት።

«አርባ ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር ምን እንደሚያደርግ አንድ ቀን ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም» አሉ። «አይገባሽም ብሎ አይደለም፤ ነገ ነገ እያለ ነው። አሁን አንቺ ንገሪኝ። ለእሱ ልትነግሪው የነበረውን።»

«ባጭሩ ቢሆን አምስት ዲግሪ ከአራት...»

«ባጭሩ አይደለም። የወደቁትን አንድ በአንድ ነግረሽው የለም እንዴ? እነዚህንም አንድ በአንድ።»

ልኬት ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ዘረጋችው።

«ሃያ ስምንተኛው» አለች፤ «አልወደቀም።»

ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሃያ ዘጠነኛው አልወደቀም። ሠላሳኛው አልወደቀም።»

በሠላሳ አራተኛው ላይ ወረቀቱን አስቀመጠች። ሴትዮዋ «ቀጥይ» አሏት። ቀጠለች። ቀስ ብላ፣ አንዱንም ሳታልፍ፣ እያንዳንዱን ከነቁጥሩ ነገረቻቸው። ሴትዮዋም እያንዳንዱን ሰሙ።

«አርባኛው» አለች፤ «አልወደቀም።»